የሰው ወርቅ አያደምቅ፦ ከቪዲዮ ጌም የተነቀሉ ዘፈኖች ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው «ግራንድ ቴፍት አውቶ 4» የሚጀምረው በስደተኛ ታሪክ ነው። ኒኮ ቤሊች የተባለው ገጸ ባሕርይ ከምሥራቅ አውሮፓ በመርከብ ተነሥቶ ኒውዮርክን አስመስለው ወደ ሠሯት ሊበርቲ ሲቲ ይገባል። ወደቡ ላይ የአጎቱ ልጅ ሮማን ይቀበለዋል። መኪናው ውስጥ ሲገቡ ሬዲዮው «ቭላዲቮስቶክ ኤፍኤም» የተባለ ጣቢያ ላይ ነው፤ የሚሰማው የሩሲያ ዘፈን ነው። አገሩን ትቶ የመጣ ሰው ከሩቅ የሚሰማው ድምፅ ምን ማለት እንደሆነ ተጫዋቹ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

አሥር ዓመት ሞላ። እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2018 አምራቹ ሮክስታር ጌምስ የበርካታ ዘፈኖች ውል ማብቃቱን ገለጸና በኢንተርኔት በላከው ማሻሻያ ከጌሙ ውስጥ አነሣቸው። ከሁሉም በላይ የተጎዳው ያው የስደተኛው ሬዲዮ ነበር፤ የቀድሞዎቹ ዘፈኖች ወጥተው ሌሎች የሩሲያ ዘፈኖች ገቡ። ቀድሞ ገንዘቡን ከፍሎ የገዛውም ሰው አልዳነም። ማሻሻያው ሲደርሰው የገዛው ጌም ሌላ ሆነ።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። አንድ ዘፈን ሁለት ቁልፍ ያለው በር ነው። አንደኛው ቁልፍ የግጥምና የዜማ ባለመብቶች ዘንድ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የተቀዳው ድምፅ ባለቤት ዘንድ፣ ብዙ ጊዜም የሙዚቃ ኩባንያ እጅ ውስጥ። ጌም ሠሪው ከሁለቱም ፈቃድ ማግኘት አለበት። ፈቃዱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የጊዜ ገደብ አለው። ሽያጭ ሳይሆን ኪራይ ነው ማለት ይቻላል። ግጥምና ዜማው የሦስትና የአራት ሰዎች ሥራ ከሆነ የሚጠየቀው ፈቃድም በዚያው ልክ ይበዛል።

ይህ ኪራይ መጀመሪያ ላይ ብዙም ችግር አልነበረውም። «ቫይስ ሲቲ» እ.ኤ.አ. በ2002 ሲወጣ ጌም በዲስክ የሚሸጥ ዕቃ ነበር። ሱቅ ይገባል፣ ይሸጣል፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቦታውን ለአዲስ ይለቃል። የዘፈኑ ውል ቢያበቃም ቤት ውስጥ ያለውን ዲስክ የሚነካው የለም። በኋላ ግን ሽያጩ ወደ ኢንተርኔት ዞረና ጌም የማያረጅ ዕቃ ሆነ። የ2002ቱን ከብዙ ዓመታት በኋላም መግዛት ይቻል ነበር፤ ውሉ ግን እንደዚያ ረጅም ዕድሜ ታስቦ አልተጻፈም። ለዚህ ነው በቫይስ ሲቲ የመጀመሪያ ቅጂ ላይ የነበሩት የማይክል ጃክሰን ዘፈኖች በኋላ ከወጡት ቅጂዎች የጠፉት። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ተራው የ«ሳን አንድሪያስ» ሆነ፤ ከአሥር በላይ ዘፈኖች ተነሡ።

አንዳንዴ የሚጠፋው ዘፈኑ ብቻ አይደለም። የፊንላንዱ ሬመዲ ኩባንያ የሠራው «አለን ዌክ» ዴቪድ ቦዊን፣ ኒክ ኬቭንና ሮይ ኦርቢሰንን የመሳሰሉ ዘፋኞችን ሥራ ይዟል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 የሙዚቃ ውሉ አለቀና ጌሙ ራሱ ከገበያ ወጣ። ኩባንያው ከመነሣቱ በፊት በ90 በመቶ ቅናሽ ሸጦ ተሰናበተ። የተመለሰው ውሉ እንደገና ከታደሰ በኋላ፣ በ2018 መገባደጃ ነው። ስለ ጥቂት ደቂቃ ሙዚቃ ሲባል ብዙ ሰዎች ዓመታት የለፉበት ሥራ ከአንድ ዓመት በላይ ከመደርደሪያ ወርዶ ቆየ።

ታዲያ ጥፋተኞቹ ሙዚቀኞቹ ናቸው? የእነሱም ወገን መሰማት አለበት። «ጊታር ሂሮ» ገበያውን በተቆጣጠረበት በ2008 የዋርነር ሙዚቃ ኩባንያ ኃላፊ ኤድጋር ብሮንፍማን የሚከፈላቸው ገንዘብ እጅግ ትንሽ ነው ብለው አማረሩ። የአክቲቪዥኑ ቦቢ ኮቲክ በበኩላቸው ጌሙ ዘፈኖቹን እያስተዋወቀ ስለሆነ እንዲያውም መክፈል ያለባቸው የሙዚቃ ኩባንያዎቹ ናቸው የሚል መልስ ሰጡ። በ2009 «ኖ ዳውት» የተባለው ባንድ ያንኑ ኩባንያ ከሰሰ። በጌሙ ውስጥ የተሠራው ምስላቸው እነሱ ያልተስማሙበትን የሌሎች ዘፈን ሲዘፍን ታይቶ ነበር። የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2011 የኩባንያውን የመናገር ነጻነት መከላከያ ሳይቀበለው ቀረ፤ ጉዳዩም በ2012 በስምምነት ተዘጋ።

በሴፕቴምበር 2024 ደግሞ የእንግሊዙ «ሄቨን 17» ባንድ አባል ማርቲን ዌር አንድ ዜና ይዞ ብቅ አለ። በ1983 የወጣው «ቴምፕቴሽን» ለሚመጣው «ግራንድ ቴፍት አውቶ 6» ተፈልጎ ነበር። የቀረበለት ግን 7,500 ዶላር ነው፤ ያውም ወደፊት ከጌሙ ሊያገኝ የሚችለውን ክፍያ ሁሉ ለዘላለም የሚያስቀር። የቀደመው ጌም በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ማስገባቱን አስታውሶ እምቢ አለ። ገሚሱ አጨበጨበለት፤ ገሚሱ ደግሞ በሚሊዮኖች ጆሮ የመግባት ዕድል አመለጠው አለ።

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። ውሉ አጭር ሲሆን ዘፈኑ ይነቀላል፤ የሚጎዳው ገዢው ነው። ውሉ ዘላለማዊ ሲሆን ደግሞ ዋጋው ትንሽ ይሆናል፤ የሚጎዳው አርቲስቱ ነው። በሁለቱም መንገድ ብዙም የማይጎዳው ትልቁ አሳታሚ ነው። ገዢው በውሉ ጠረጴዛ ዙሪያ ወንበር የለውም፤ «ግዛ» የሚለው ቁልፍም ዘፈኑ የተከራየ መሆኑን አይነግረውም።

መውጫው ሩቅ አይደለም። ጌሙ እስከተሸጠ ድረስ የሚቆይ ውል መፈራረም፣ ለአርቲስቱም ከሽያጩ እየታሰበ መክፈል ይቻላል። ቢያንስ ቢያንስ ቀድሞ የገዛውን ሰው ቅጂ አለመንካት ይቻላል። ይህ እስኪሆን ግን የኒኮ ሬዲዮ ትምህርት ሆኖ ይቆያል። አባቶች የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ። የተከራየ ዘፈን ለጊዜው ያደምቃል፤ ውሉ ያለቀ ዕለት ግን የሚወስደው ዜማውን ብቻ አይደለም፤ ከዜማው ጋር የተሳሰረውን የሰዎች ትዝታም ጭምር ነው።