የአንኮበሩ የደብዳቤ መንገድ

የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ብዙ ጊዜ የሚነገረው የአንድ ቃል ትርጉም ያስነሳው ጠብ ሆኖ ነው። እኔ ግን ነገሩ የሚጀምረው ከውጫሌ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ አንኮበር ላይ፣ በደብዳቤ ማመላለስ ጉዳይ ነው ባይ ነኝ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ግንቦት 14 ቀን 1875 ዓ.ም. ከኢጣሊያው መልእክተኛ ከኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ጋር የተዋዋሉት የወዳጅነትና የንግድ ውል፣ ንጉሡ ወደ አውሮፓ መጻጻፍ ሲፈልጉ በኢጣሊያ ቆንስላዎች በኩል መላክ እንዲችሉ ይፈቅድ ነበር። ሸዋ የባሕር በር አልነበራትም፤ ከአንኮበር ቆላ ወርዶ በአፋር በረሃ ወደ አሰብ የሚዘልቀው የቅፍለት መንገድም ረጅምና አደገኛ ነበር። ጣሊያኖች ደግሞ እዚያው አንኮበር አጠገብ፣ ልጥ ማረፊያ ላይ፣ የጂኦግራፊ ማኅበራቸው ጣቢያ ነበራቸው። ስለዚህ ደብዳቤ አሸጋጋሪ መሆናቸው ለሁለቱም ወገን የሚጠቅም ነበር። አሸጋጋሪ ግን የደብዳቤው ባለቤት አይደለም።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ በተፈረመው ውል፣ በአንቀጽ 17፣ ያው አገልግሎት እንደገና ተጻፈ። የአማርኛው ቅጂ እንደ አንኮበሩ ውል ፈቃድ ሲሆን፣ የጣሊያንኛው የኢትዮጵያን የውጭ ጉዳይ ሁሉ በኢጣሊያ እጅ የሚያስገባ ግዴታ ሆነ። ከሁሉ የሚከፋው አንቀጽ 19 ነው፤ ሁለቱ ቅጂዎች ፍጹም ይስማማሉ፣ እኩልም ይታመናሉ ይላል። ማመሳከር የሚገባው ነገር ተመሳክሯል ተብሎ በፊርማ ጸደቀ። ዛሬ የኢሜይል ሰርቨር የሚጠብቅ ባለሙያ መልእክት ተበላሽቶ ሲደርስ የወጣውንና የደረሰውን ቅጂ አስተያይቶ፣ በየትኛው መሸጋገሪያ ላይ እንደተለያዩ ይፈልጋል። ምኒልክም ያደረጉት ይህንኑ ነው። በታኅሣሥ 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት መሆናቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በደብዳቤ ሲያሳውቁ፣ ከእንግሊዝ የመጣው መልስ ጉዳዩ በኢጣሊያ በኩል እንደሚሄድ ነገራቸው። ቅጂዎቹ ተመረመሩ፤ በመስከረም 1883 ዓ.ም. ለኢጣሊያው ንጉሥ ኡምቤርቶ የአማርኛው ቃልና የጣሊያንኛው እንደማይገጥሙ ጻፉ።

ጥፋቱን በአስተርጓሚው በግራዝማች ዮሴፍ ንጉሤ ላይ የሚጥሉ አሉ። ይህ አያሳምነኝም። አንቶኔሊ በሸዋ ዓመታት ኖሯል፤ የአንኮበሩንም ውል የፈረመው እርሱ ራሱ ስለሆነ፣ መፍቀድና ማስገደድ ምን ያህል እንደሚራራቁ ያውቃል። የታሪክ ተመራማሪው ስቬን ሩቤንሰን እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው ጥናት ልዩነቱ በስሕተት የመጣ እንዳልሆነ ሲሞግት፣ ሌላው የታሪክ ተመራማሪ ካርሎ ጂሊዮ ተከራክሮታል። ምኒልክ የጣሊያንኛውን ሐሳብ አስቀድመው ያውቁ ነበር የሚለው ክርክር ይበልጥ ይከብዳል፤ በዚያን ጊዜ መሣሪያም ብድርም ይፈልጉ ነበርና። ነገር ግን የውጭ ግንኙነቱን አሳልፎ የሰጠ ንጉሥ፣ ውሉ በተፈረመ በስምንተኛው ወር ለእንግሊዝና ለጀርመን ነገሥታት በራሱ ስም አይጽፍም ነበር። ለእኔ ከየትኛውም ምስክር ይልቅ የእነዚህ ደብዳቤዎች መላክ ይበልጣል።

ከዐድዋ ጦርነት በኋላ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌው ሙሉ በሙሉ ተሻረ። አዲሱ ውል የተጻፈው በአማርኛና በፈረንሳይኛ ነበር።