የመንግሥት እጅ ያልታየበት ሕግ፦ የኦባማኬር ብዥታ ምንጭ እንደገና ሲመረመር

አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀውን የጤና መድኅን ሕግ፣ ኦባማኬርን፣ ለምን አጣመው ተረዱት ሲባል፣ ቶሎ የሚጠቀሰው ብሬንዳን ናይሃን በዚያው ዓመት ያሳተሙት ጥናት ነው። 

ናይሃን ጥፋቱን የሚያሸክሙት ተናጋሪዎቹን ነው። በ1994 የፕሬዚዳንት ክሊንተንን የጤና መድኅን ረቂቅ በጽሑፍ የነቀፉት ቤትሲ ማኮይ በ2009 ተመልሰው፣ አረጋውያን ስለ አሟሟታቸው ምክር እንዲቀበሉ ሊገደዱ ነው አሉ። የሪፐብሊካን ፖለቲከኛዋ ሳራ ፔሊን ነሐሴ ላይ፣ ማን ሕክምና እንደሚገባው ይወስናል ያሉትን «የሞት ሸንጎ» የሚለውን ቃል ጨመሩበት፤ የቀረውን ወገንተኝነት ሠራው። የረቂቁ አንቀጽ 1233 ግን እንዲህ አይልም። ታካሚው ወድዶ ስለ መጨረሻ ዘመን ሕክምናው ከሐኪሙ ጋር ቢመክር፣ የአረጋውያን የጤና መድኅን የሆነው ሜዲኬር በመደበኛው በአምስት ዓመት አንዴ ለሐኪሙ ይክፈል ነው የሚለው። ወሬው ሐሰት ለመሆኑ ክርክር የለም።

ክርክሬ ናይሃን ዘሩን እንጂ መሬቱን አለመመርመራቸው ላይ ነው። የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዋ ሱዛን ሜትለር በ2008 ባሰባሰቡት መጠይቅ፣ ማኮይ ስለ ኦባማ ረቂቅ ገና ሳይናገሩ፣ ከሜዲኬር ተጠቃሚዎች 40 በመቶ ያህሉ በመንግሥት ማኅበራዊ ፕሮግራም ተጠቅመን አናውቅም ብለዋል። ሜዲኬር ራሱ የመንግሥት ነው! እነዚህን ማን ዋሻቸው? ጥቅሙ በሐኪምና በሆስፒታል በኩል ስለሚደርሳቸው ከፋዩን ፊት ለፊት አያዩትም።

አዲሱ ሕግ ይህንኑ አባባሰው። ኬንታኪ ውስጥ ዲሞክራቱ ገዥ ስቲቭ በሺር በሕጉ መሠረት የተቋቋመውን የመድኅን ገበያ በ2013 «ኪኔክት» ብለው ከፈቱት፤ የኦባማ ስም አጠገቡ አልደረሰም። በዚያ ክረምት በክፍለ ግዛቱ ዓውደ ርእይ ላይ ስለ ኪኔክት የተነገረው አንድ ሰው፣ ይህስ ከኦባማኬር እንደሚሻል ተስፋ አለኝ ማለቱ ተዘግቧል። በግንቦት 2014 የማሪስት የሕዝብ አስተያየት ጥናት ከክፍለ ግዛቱ መራጮች 57 በመቶው ኦባማኬርን እንደሚጠሉ፣ ኪኔክትን የሚጠሉት ግን 22 በመቶ ብቻ እንደሆኑ አሳየ። ሕጉ አንድ ነው። ናይሃንን የሚጠቅሱ ሰዎች ይህን ቁጥር ሊያልፉት አይገባም ነበር።

አንድ ክፍለ ግዛት ለመላው አገር አይመሰክርም ቢባል፣ እቀበላለሁ። በ2015 ኪኔክትን አፈርሳለሁ ያሉት ማት ቤቪን የኬንታኪ ገዥ ሆነው መመረጣቸው ግን አያፈርሰኝም፤ የመድኅን ካርዱ ከየት እንደመጣ ያላወቀ መራጭ ለካርዱ ብሎ ድምፅ አይሰጥም። በ2016 ሜዲኬር ለዚያው ስለ መጨረሻ ዘመን ሕክምና ለሚደረግ ምክክር መክፈል ሲጀምር ያን ያህል ጩኸት አለመነሣቱስ? የጩኸቱን መነሻ ያስረዳል፤ ያለማወቁን ሥር አይነካም። ኮንግረስ ሕጉን ለመሻር በተነሣበት በ2017 መጀመሪያ እንኳ፣ ከተጠየቁት አሜሪካውያን ሲሶ ያህሉ ኦባማኬርና አፎርደብል ኬር አክት አንድ ሕግ መሆናቸውን አያውቁም ነበር። ይህን ደግሞ የሞት ሸንጎ ወሬ አላመጣውም።