የትራኮማ ተሕዋስ ፍለጋ፦ ከማይክሮስኮፕ እስከ ዘረመል ንባብ

እ.ኤ.አ. በ1907 ሃልበርሽቴተርና ፕሮቫዜክ በጃቫ በትራኮማ ሕሙማን የዐይን ሕዋሳት ውስጥ እንግዳ አካላትን በማይክሮስኮፕ ተመለከቱ። ተሕዋሱ የሚራባው በሕያው ሕዋስ ውስጥ ብቻ ስለሆነ ለብዙ ዘመን ቫይረስ ተብሎ ተቆጠረ። በ1957 የቻይናው ታንግ ፌይፋንና ባልደረቦቹ ጫጩት በያዘ ዕንቁላል ውስጥ ማራባታቸውን አሳተሙ። ባክቴሪያ መሆኑ ከታወቀ በኋላም በ1998 የክላሚዲያ ትራኮማቲስ ሙሉ የዘረመል ቅደም ተከተል ይፋ ሆነ።

በ2014 የታተመ የጋምቢያ ጥናት ደግሞ በዘረመል ንባብ የዐይንን ተሕዋስያን በጠቅላላ መረመረ፤ ጠባሳ ባለበት ዐይን ላይ የዓይነታቸው ብዛት መቀነሱንና ኮሪኔባክቴሪየም መበራከቱን አሳየ። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ንባብ ብቻውን ሕያውን ከሙት፣ መንሥኤውንም ከውጤቱ አይለይም። ስለዚህ ትራኮማ ገና ባልጠፋባት ሀገራችን አዲሱ ዘዴ የዐይን ቆብን ገልብጦ መመርመርን ያግዛል እንጂ አይተካም።