7,500 ዓመትና የ2.5 ሚሊዮን ዓመት ብርሃን፦ ከዋክብት እንዴት ሜትር ሆኑ?

ማታ ኮዬ ፈጬ ላይ ቆሞ ወደ ኮንዶሚኒየሞቹ የሚያይ ሰው ሳያስበው ርቀት ይለካል። አጠገቡ ካለው ብሎክ የሚወጣው መብራት ደማቅ ነው፤ ከሩቁ ብሎክ የሚመጣው ግን ጭላንጭል ነው። አምፖሎቹ እኩል ዋት ካላቸው የደበዘዘው የራቀው ነው። ሕጉም ቀላል ነው፦ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ሩብ ይሆናል፤ ርቀቱ አሥር እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ አንድ መቶኛ ይሆናል።

ችግሩ ኮከብ ላይ ዋት አልተጻፈም። ደብዛዛ ኮከብ ስናይ ትንሽ ሆኖ ቀርቦ ይሁን ግዙፍ ሆኖ ርቆ በዓይን መለየት አይቻልም። የዚህ እንቆቅልሽ መፍትሔ የተገኘው ብርሃናቸው ከፍ ዝቅ ከሚል ከዋክብት ነው።

የኢትዮጵያው ንጉሥ ከዋክብት

እ.ኤ.አ. በ1784 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዟ ዮርክ ከተማ ይኖር የነበረ ጆን ጉድሪክ የተባለ የ20 ዓመት ወጣት አንድ ነገር አስተዋለ። ሴፌውስ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ያለች አንዲት ኮከብ በየ5 ቀን ከ9 ሰዓቱ ትደምቃለች፣ ትደበዝዛለች፣ መልሳ ትደምቃለች። ጉድሪክ ከልጅነቱ ጀምሮ መስማት የተሳነው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላም በ21 ዓመቱ አረፈ። የዚህ ዓይነት ከዋክብት ዛሬ «ሴፌይድ» ይባላሉ። ሴፌውስ በግሪኮች አፈ ታሪክ የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው፤ አንድሮሜዳ ደግሞ ልጁ ናት። እርግጥ ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ከዛሬዋ አገራችን በጣም የሰፋ ምድር ማለታቸው ነበር።

ቁልፉን ያገኘችው አሜሪካዊቷ ሄንሪየታ ሊቪት ናት። እሷም የመስማት ችግር ነበረባት። በሃርቫርድ የከዋክብት ምርምር ተቋም በሰዓት 30 ሳንቲም እየተከፈላት፣ ከፔሩ የሚላኩ የሰማይ ፎቶግራፎችን ትመረምር ነበር። ፎቶዎቹ የማጄላን ትንሹን ደመና ያሳያሉ። ይህ በደቡብ ሰማይ ያለ ትንሽ ጋላክሲ ነው፤ ከኮዬ ፈጬ ሲታይ በኅዳር ምሽት ከአድማሱ በላይ 8 ዲግሪ ብቻ ከፍ ይላል።

እስቲ ከእንጦጦ ሆናችሁ ወደ ኮዬ ፈጬ እንደምታዩ አስቡ። ብሎኮቹ ሁሉ ከእናንተ በእኩል ርቀት ላይ ናቸው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ደምቆ የሚታየው መብራት በእውነትም ብዙ ዋት ያለው ነው። ሊቪትም እንዲሁ አሰበች። በ1912 ከዚያ ደመና 25 ሴፌይዶችን ወስዳ ስታነጻጽር ዑደታቸው የረዘመው ይበልጥ ደማቆች ሆነው ተገኙ። ለካ ዋቱ ተጽፏል፤ የተጻፈው በጊዜ ነው!

የቀረው አቅራቢያችን ያሉትን ሴፌይዶች ርቀት በሌላ መንገድ ማወቅ ነበር። ለቅርብ ከዋክብት ፓራላክስ የሚባል የጂኦሜትሪ ዘዴ አለ፦ ምድር ፀሐይን ስትዞር ቅርቡ ኮከብ ከሩቆቹ አንጻር ትንሽ ቦታ የቀየረ ይመስላል። በ2019 «ቡና» ተብላ የተሰየመችው ኮከብ፣ ፕላኔቷ «አቦል» የሆነችው፣ 200 የብርሃን ዓመት ያህል እንደምትርቅ የታወቀው በዚህ ነው።

በጥቅምት 1923 ኤድዊን ሃብል አንድሮሜዳ ውስጥ ዑደቷ 31 ቀን የሆነ ሴፌይድ አገኘ። ሲሰላ ርቀቱ 900 ሺህ የብርሃን ዓመት ገደማ መጣ። አንድሮሜዳ ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ ያለ ሌላ ጋላክሲ ነው ማለት ነው።

«ታዲያ ብርሃኑ መቼ ተነሣ?»

በቤተ ክርስቲያናችን ባሕረ ሐሳብ መሠረት ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5,500 ዓመት ነው። ስለዚህ 2018 ዓ.ም. ማለት 7,518 ዓመተ ዓለም ነው። ይህን ለ4 ስናካፍል 2 ይተርፋል፤ ዘመኑ የማርቆስ ነው ማለት ነው። ጾሞችና በዓላትም በዚሁ ስሌት ይወጣሉ።

ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጥቶ ፊዚክስ ክፍል የሚገባ ተማሪ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ዓለም 7,518 ዓመቷ ከሆነ፣ 2.5 ሚሊዮን ዓመት የተጓዘ ብርሃን ከየት መጣ?

አንዱ መልስ «ልኬቱ ቢሳሳትስ?» የሚል ነው። በእርግጥም ተሳስቶ ነበር። በ1952 ዋልተር ባደ ሴፌይዶች ሁለት ዓይነት መሆናቸውን አሳይቶ የአንድሮሜዳን ርቀት እጥፍ አደረገው። ዛሬ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ነው። ግን እናስላው። አንድሮሜዳ በ7,500 የብርሃን ዓመት ውስጥ እንድትገባ ከ330 ጊዜ በላይ መቅረብ አለባት። ያኔ ሴፌይዶቿ ከ100 ሺህ ጊዜ በላይ ደምቀው በተራ ባይኖኩላር በታዩ ነበር። ሃብል ግን በዘመኑ ግዙፍ በነበረው ቴሌስኮፕ እንኳ በጭንቅ ነው ያያቸው።

ሁለተኛው መልስ «እግዚአብሔር ብርሃኑን መንገድ ላይ እንዳለ ፈጥሮት ቢሆንስ?» የሚል ነው። ይህን የሚያስተባብል መሣሪያ የለም። የሚያስከትለውን ግን ማየት እንችላለን። በ1987 በማጄላን ትልቁ ደመና አንድ ኮከብ ሲፈነዳ ታየ፤ ርቀቱ 160 ሺህ የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። ብርሃኑ መንገድ ላይ ከተፈጠረ ያ ኮከብ ከነጭራሹ አልኖረም፣ አልፈነዳም፤ ያየነው ያልሆነ ነገር ፊልም ነው። በ1857 ፊሊፕ ጎስ የተባለ እንግሊዛዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ስለ አለቶች ዕድሜ ተመሳሳይ ሐሳብ ሲያቀርብ የተቃወመው ወዳጁ ካህኑ ቻርልስ ኪንግስሊ ነበር። ምክንያቱም ሃይማኖታዊ ነው፦ ፈጣሪ በአለት ላይ ውሸት ጽፏል ብሎ ማመን አልቻለም።

ሦስተኛው መንገድ ሁለቱ ቁጥሮች የተለያየ ሥራ እንዳላቸው ማየት ነው። ዓመተ ዓለም በዓል ለማውጣት በትክክል ይሠራል፤ የጋላክሲ ርቀት ግን አይለካም። ሴፌይድ ደግሞ ርቀት ይለካል፤ ፋሲካ መቼ እንደሚውል አይነግርም። ሊቪት የአገልጋይ ልጅና ጽኑ አማኝ ነበረች። በ1927 ጠፈር እየሰፋ መሆኑን በሃብል ርቀቶች ያሰላው ቤልጂየማዊው ዦርዥ ለሜትርም የካቶሊክ ካህን ነበር፤ እምነቱን ማስረጃ፣ ስሌቱንም ስብከት አላደረገም።

መጠራጠር ለሚወድ ደግሞ በዓይኑ የሚፈትነው ነገር አለ። በመስከረም፣ ደመና በሌለበት ምሽት 2 ሰዓት ገደማ፣ ኤታ አኲሌ የተባለች ሴፌይድ ከራሳችን በላይ ልትደርስ ጥቂት ይቀራታል። አጠገቧ ካሉት ከዋክብት ጋር እያነጻጸራችሁ በየምሽቱ ድምቀቷን መዝግቡ። ከ7 ቀን ከ4 ሰዓት በኋላ ወደነበረችበት ትመለሳለች። ለዚህ ቴሌስኮፕ አያስፈልግም፤ ደብተርና እርሳስ፣ እንዲሁም የመንገድ መብራት የማይደርስበት ጥግ ይበቃል።