ጎማና ፍሪሲዮን፦ ከአጭር ርቀት እሽቅድምድም ታሪክ

በኮልፌ ጋራዦች ጎማ ሲመረጥ የሚቀድመው ጥያቄ ስንት ጊዜ ያገለግላል የሚለው ነው። በአጭር ርቀት የመኪና እሽቅድምድም ግን የሚጠየቀው መኪናው ከቆመበት ሲነሣ ጎማው መሬት መጨበጡ ነው። የዚህ ስፖርት ብሔራዊ ማኅበር በአሜሪካ በ1951 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም፣ ለ402 ሜትሩ ሩጫ ተወዳዳሪዎች ባረጀ ጎማ ላይ ጥርስ የሌለው አዲስ ሽፋን ያስለብሱ ነበር። ለውድድር ብቻ የተሠራው ጎማ ከዚያ በኋላ መጣ።

ማንዋል ካምቢዮ ባለው የስፖርት መኪና ፍሪሲዮን በድንገት ሲለቀቅ ኃይሉ እንደ መዶሻ ያርፋል። ሸራው በሰያፍ የተደራረበ ጎማ ጎኑ ተሸብሽቦ ምቱን ያበርዳል። ሚሽሊን በ1946 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያስመዘገበለት ራዲያል ግን ለዚህ ዓይነቱ ምት እምብዛም አይለዝብም፤ ወይ በቦታው ይሽከረከራል፣ ወይ ጉዳቱ ለሴሚያስ ይተርፋል።

ኮልፌ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ሰፈር ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ የተፈተነውን ሰፊ ጎማ እንዳለ መቅዳት የደከመውን ሞተር ማነቅ ይሆናል።

እንግዲህ ባለሙያ የጎማን ዝና ሳይሆን የሞተሩን አቅም፣ የፍሪሲዮኑን ጠባይና የአገሩን አየር አመዛዝኖ ይምረጥ፤ ሙከራውም ሕዝብ በሚመላለስበት ጎዳና ሳይሆን በተዘጋ ሜዳ ይሁን።