የተጎዱ የአውሮፕላን ብረታ ብረት ክፍሎች በርጭት ልባስ የሚጠገኑበት አሠራር

በሰበቃ ወይም በዝገት መጠናቸው የቀነሰ የአውሮፕላን ብረታ ብረት ክፍሎች የብረት ልባስ ተረጭቶባቸው ዳግም ለአገልግሎት ሊበቁ ይችላሉ። የብረት ርጭትን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያስተዋወቀው ስዊዘርላንዳዊው ማክስ ሾፕ ነው።

በአሠራሩ መሠረት የተጎዳው ገጽ ጸድቶ ሸካራ እንዲሆን ከተደረገ በኋላ በከፍተኛ ሙቀት የቀለጠ ብረት ይረጭበታል፤ ትርፉም ተፍቆ ክፍሉ ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሳይቤሪያ ኖቮሲቢርስክ የዳበረው ቀዝቃዛ ርጭት በበኩሉ የብረቱን ዱቄት ሳያቀልጥ በታላቅ ፍጥነት በማጋጨት ያጣብቃል። በዚህም ምክንያት ሙቀት ለሚጎዳቸው የአሉሚኒየምና የማግኒዚየም ክፍሎች ተመራጭ ሆኗል።

ይሁን እንጂ ልባሱ በዋናነት የሚመልሰው መጠንን ነው፤ የተሰነጠቀ ክፍልን ጥንካሬ ይመልሳል ተብሎ አይታመንበትም። ስለሆነም ጥገናው የሚፈቀደው የአምራቹ መመሪያ ወይም በአቪዬሽን ባለሥልጣን የጸደቀ ሰነድ ሲኖር ብቻ ነው።

መለዋወጫን በውጭ ምንዛሪ ለምትገዛ ሀገር የዘዴው ጠቀሜታ በአቪዬሽን ብቻ አይወሰንም። በሆሳዕና፣ በዱራሜና በሌሎች የሐዲያና የከምባታ ከተሞች የሚያገለግሉ የውኃ ፓምፕና የወፍጮ ዘንጎችም ሲበሉ በዚሁ መርህ ሊጠገኑ ይችላሉ። ጥገናውን የሚያዙ መሥሪያ ቤቶች ከአቪዬሽን ሊወስዱት የሚገባው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ከጥገናው በፊትና በኋላ የተወሰደው ልክ እንዲሁም የፍተሻው ውጤት በጽሑፍ ሳይቀርብ ርክክብ ሊፈጸም አይገባም።