ሊልያስ ትሮተር ብሩሽዋን ጥላ ነበርን?

ስለ ሊልያስ ትሮተር በስብከት ሰምታችሁ ከሆነ፣ የሰማችሁት እንዲህ ሳይሆን አይቀርም፦ ታላቅ ሠዓሊ መሆን ትችል ነበር፤ ብሩሽዋን ግን ጥላ ለወንጌል ወጣች። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ስለማይነገር፣ የሥዕል ስጦታ ያላቸው ወጣቶች ስጦታቸውን የጥሪያቸው ባላጋራ አድርገው እንዳያዩት እሰጋለሁ።

ሊልያስ በ1853 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ለንደን ውስጥ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደች። በ1876 ከእናቷ ጋር ቬኒስ ሳለች፣ ስመ ጥሩው የሥነ ጥበብ ሐያሲ ጆን ረስኪን በከተማዋ መኖሩን እናቷ ሰሙና የልጃቸውን የውሃ ቀለም ሥዕሎች ላኩለት። ረስኪን ሴቶች ሥዕል አይሆንላቸውም ይል የነበረ ሰው ነው! የእርሷን ሥራ ካየ በኋላ ግን ተማሪው አደረጋት፤ ኖርዌይን ስትጎበኝ የሣለቻቸውንም ገጾች በኦክስፎርድ አሳየላት።

በ1879 ምርጫውን ፊቷ አስቀመጠ፦ ራሷን ለሥዕል ብቻ ብትሰጥ ከዘመኑ ታላላቆች ተርታ ትሰለፋለች። እርሷ ደግሞ ያን ጊዜ በለንደን ጎዳናዎች የወደቁ ሴቶችን ታገለግል ነበር። ጸለየችበት፤ ከዚያም እንደማይሆን ነገረችው። አንድ ነገር በእርግጥ ቀርቷል፤ ትልልቆቹ ሥዕሎች አልተሣሉም። ኪሳራ አልነበረም ብለን ማቅለል አይገባንም።

መጋቢት 1888 ከሁለት ወዳጆቿ ጋር አልጀርስ ገባች። በጤናዋ ምክንያት የሚስዮን ማኅበር አልተቀበላትም ነበርና የሄደችው በራሷ ወጪ ነው፤ ዐረብኛም አታውቅም ነበር። እዚያው 40 ዓመት ኖረች።

ልብ በሉ፤ አልጄሪያን የሣሉ ስመ ጥር ሰዎች አልጠፉም። ደላክሯ በ1832 አልጀርስ የቆየው ለጥቂት ቀናት ነበር፤ ሬኗርም በ1881 መጥቶ ሣለና ተመለሰ። ሊልያስ ግን በጠባቡ የካስባ መንደር ቤት ይዛ፣ ከጎረቤቶቿ ጋር እየኖረች፣ በግመል ወደ ሰሃራ እየተጓዘች ነው የሣለችው። ሸራ መወጠሪያ አልነበራትም። የዕለት ማስታወሻዋ ገጽ ነበር ሸራዋ፦ በጽሑፉ መካከል የአሸዋ ኮረብታ፣ በጽሑፉ ጎን የሜዲትራኒያን ሰማይ፣ ከታች የመንገድ ዳር አበባ። ትንንሽ ናቸው፤ ከሥራ በተረፈች ሰዓት የሚጨረሱ። ትንሽነታቸው አኗኗሯን ይመስላል።

በእኔ አስተያየት የኖርዌዩ ሥዕል የጎብኚ ዐይን ነው፤ የአልጄሪያው የነዋሪ። ነዋሪ ወቅቱን ያውቃል። ዝናብ ሲዘገይ ምድሩ ምን እንደሚመስል፣ ዘሩ መቼ እንደሚረግፍ ከዓመት ዓመት ያያል። ሊልያስ ከአበቦችና ከዘሮች የሣለቻቸው ምሳሌዎች «የመስቀሉ ምሳሌዎች» በተባለች ትንሽ መጽሐፍ ታትመዋል፤ እዚያ ተክሉ ስለ መሞትና ስለ ሕይወት ያስተምራል። ዐይናችንን ወደ ኢየሱስ እንድናነሣ የሚጋብዘውን ታዋቂ መዝሙር ሔለን ለመል የደረሰችውም የሊልያስን ትራክት አንብባ ነው። ትራክቷ የሚጀምረው በጫካ ውስጥ ፊቱን ሙሉ በሙሉ ለፀሐይ በሰጠ በአንድ ተራ ቢጫ አበባ ነው። ሠዓሊ ያልሆነ ሰው ያን አበባ ረግጦት ያልፍ ነበር።

አገልግሎቷ ቀላል አልነበረም። የፈረንሳይ ቅኝ ገዥዎች እንግሊዛውያኑን ሚስዮናውያን በጥርጣሬ ያዩ ነበር፤ ያመኑትም ጥቂት ነበሩ። ሥዕሉ ግን አልተቋረጠም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከአልጋ መነሣት ሲያቅታት እንኳ ሥራዋን ከአልጋዋ ላይ ሆና ቀጠለች።

በ1928 እዚያው አልጄሪያ ዐረፈች። ከዚያ በኋላ ባለ ቀለም የመልክዓ ምድር ሥዕሎቿ በመጽሐፍ ታተሙ። የመጽሐፉ ስም አድራሻዋ ነው፦ «በበረሃውና በባሕሩ መካከል»።